ስታርባክስን መውደድ፣ የሸመታ ባህልን መጥላት፦ በአንድ ኩባያ የሚከፈለው ለምንድን ነው?

የዓለም ንግድ ድርጅት በኖቬምበር 1999 ሲያትል ላይ ሲሰበሰብ ጎዳናው በተቃዋሚዎች ተጥለቅልቆ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሰልፈኞቹ ጥቂቶቹ የትልልቅ ኩባንያዎችን መስኮት ሲሰባብሩ የቡና ቤት ሰንሰለቱ ስታርባክስም አልቀረለትም። ከዚያ ወዲህ አረንጓዴው ዓርማ ለብዙ ሰው የግዙፍ ኩባንያ ሌላ ስሙ ሆኗል፤ ከተሞችን ሁሉ አንድ የሚያስመስል፣ ከሚያስፈልገን በላይ እንድንገዛ የሚጎተጉት፣ ግብር ሲመጣ የሚሰወር። የሚገርመው ይህን ሁሉ አምነው የሚከራከሩ ሰዎች ጠዋት ጠዋት በዚያው በር መግባታቸው ነው። ተገደው አይደለም፤ ቦታውን ይወዱታል።

ለዚህ የሚሰጡት ሁለት የተለመዱ መልሶች የችኮላ ናቸው። አንዱ «ግብዝነት ነው» ይላል። ሌላው «ቡና ነው እኮ፣ ምን ያካብደዋል?» ይላል። ሁለቱም ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ አይመረምሩም። ባንኮኒው ላይ የሚከፍል ሰው በአንድ ደረሰኝ ቢያንስ ሦስት ነገር ይገዛል፦ መጠጡን፣ መቀመጫውን፣ ከኩባንያው ጋር የሚኖረውን የሒሳብ ቁርኝት። ሸማችነትን የሚጠላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው ሁለተኛውን ነው። ኩባንያው ደንበኛውን አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ በሦስተኛው ነው። እነዚህን ለያይቶ ያየ ሰው የቱን መውደድ፣ የቱን እምቢ ማለት እንደሚችል ያውቃል።

ኩባያው ውስጥ ያለው

ከመጠጡ እንጀምር፤ እዚህ ላይ ሒሳቡ ግልጽ ነው። በአሜሪካ ቅርንጫፎች ላቴ በአራት መጠን ይቀርባል። ሾርት 237 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ሾት (አንድ ቅጂ) ኤስፕሬሶ አለው። ቶል 355 ሚሊ ሊትር ሆኖ የሚገባበት አሁንም አንድ ሾት ነው። ግራንዴ 473 ሚሊ ሊትር ከሁለት ሾት ጋር፣ ትኩስ ቬንቲ ደግሞ 591 ሚሊ ሊትር ከዚያው ከሁለት ሾት ጋር ይመጣል። አንድን ሾት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብለን ብናሰላ፣ በሾርትና በግራንዴ አንድ እጅ ቡና ላይ ሰባት እጅ ያህል ወተትና አረፋ ይሆናል። በቬንቲ ዘጠኝ እጅ ይጠጋል፤ በቶል አሥራ አንድ ይደርሳል። ከሾርት ወደ ቶል የሚያድግ ሰው ጭማሪ የከፈለው ለወተት ብቻ ነው። ከግራንዴ ወደ ቬንቲ ያደገም እንዲሁ፤ ሲሮፕ (ጣፋጭ ፈሳሽ) ካለበት የአንድ ፓምፕ (የአንድ ግፊት) ስኳር ይመረቅለታል።

የስኳሩ ነገር ይህን ይመስላል። በተለመደው አሠራር ጣዕም የተጨመረበት ትኩስ ላቴ በቶል ሦስት፣ በግራንዴ አራት፣ በቬንቲ አምስት ፓምፕ ሲሮፕ ይገባበታል፤ አንድ ፓምፕ 5 ግራም ገደማ ስኳር ነው። ስለዚህ የግራንዴ ቫኒላ ላቴ የወተቱን የተፈጥሮ ስኳር ሳንቆጥር 20 ግራም ስኳር ይዟል። «ሁለት ፓምፕ ብቻ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ዋጋው አይቀንስም፣ ግን ቡናው መሰማት ይጀምራል። የቡናው ጣዕም ጎላ እንዲልለት የሚፈልግ ሰው በሰሌዳው ላይ ብዙ ጊዜ የማይጻፈውን ሾርትን ይዘዝ፤ ወይም በቶል መጠን ፍላት ዋይት (ሌላ ባለወተት ቡና) ይበል፣ እሱ ሁለት አጫጭር ሾት አለው።

ቡናው ለምን እንዲያ አጥቁሮ እንደሚቆላ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ የሚቀልዱበትም አሉ። ምክንያቱ ንግዳዊም ቴክኒካዊም ነው። ቀለል ተደርጎ የተቆላ ቡና የበቀለበትን ቦታ፣ የታጠበበትንና የደረቀበትን መንገድ በጣዕሙ ያሳያል። ይህ ለጠጪው ጸጋ ነው፤ ከአርባ ሺህ በላይ ቅርንጫፍ ላለው ኩባንያ ግን ራስ ምታት ነው፣ ዘንድሮ የተገዛው ከአምናው ይለያልና። አጥቁረው ሲቆሉት የቁሌቱ ጣዕም የቦታውን ጣዕም ይውጠዋል፤ አቅራቢ ቢለወጥ ጠጪው አያውቅም። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ቡና በአሥር እጅ ወተት ውስጥ እንኳ አይጠፋም። ደንበኛው «የትም ብሄድ አንድ ዓይነት ነው» ብሎ የሚወደው ነገር ከዚህ ውሳኔ የተወለደ ነው። አመቺነቱን ወድዶ አንድ ወጥነቱን መንቀፍ የማይቻለውም ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ መቁያ ነው የሚወጡት።

መሣሪያውም ተለውጧል። ድሮ ባሪስታው (ቡና ቀጂው) የተፈጨውን ቡና በእጁ ይጠቀጥቅ ነበር። በኋላ ፈጭቶ፣ ጠቅጥቆና ጨምቆ የሚያወጣ አውቶማቲክ ማሽን ገባ። ሃዋርድ ሹልትዝ የስታርባክስ ቦርድ ሊቀመንበር ሳለ በፌብሩዋሪ 2007 ለሥራ አስፈጻሚዎች በጻፈው፣ በኋላም ሾልኮ በወጣው ማስታወሻ፣ ማሽኖቹ ፍጥነት ቢያመጡም ቁመታቸው ደንበኛው ባሪስታውን እንዳያይ ጋርዷል፣ ጠረን የሚያፍነው ከረጢት ደግሞ የቤቱን የቡና ሽታ አጥፍቷል ሲል አማርሯል። በዓመቱ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2008፣ ኩባንያው 7,100 የአሜሪካ ቅርንጫፎቹን ለሦስት ሰዓት ያህል ዘግቶ ሠራተኞቹን ኤስፕሬሶ እንዴት እንደሚቀዳ እንደገና አሠለጠነ። የሸማችነት ተቺዎች ስለ ስታርባክስ የሚሉትን ከሁሉ በተሻለ የጻፈው የራሱ ሊቀመንበር ነው ብንል ብዙም አልተጋነነም።

አሁን ደግሞ ፍሬው ራሱ ስንት ነው? ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 820 ግራም የተቆላ ቡና ይሰጣል እንበል፤ ለሁለት ሾት 18 ግራም ቢወሰድ 45 ጊዜ ይቀዳል። በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ በ2025 መጀመሪያ በአንድ ፓውንድ ክብደት (454 ግራም ገደማ) ከ4 ዶላር አልፎ የምንጊዜም ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ውድ ዋጋ እንኳ ሲሰላ በአንድ ላቴ ውስጥ ያለው ጥሬ ቡና 20 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። ቀሪው ወተት፣ የሠራተኛ ጊዜ፣ የቤት ኪራይ፣ ኩባያ፣ ማስታወቂያና ትርፍ ነው። ስለዚህ «ውድ ቡና ጠጣሁ» ማለት አይደለም፤ በውድ ሰፈር ውስጥ ለአንድ ሰዓት ወንበር ተከራየሁ ማለት ነው፤ ከተቀመጡበት።

ወንበሩ

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሬይ ኦልደንበርግ በ1989 «ሦስተኛ ቦታ» የሚለውን ሐሳብ አስተዋወቀ፦ ከቤትና ከሥራ ቦታ ሌላ ሰዎች ያለ ቀጠሮ የሚገናኙበት፣ ጨዋታ ዋናው ሥራ የሆነበት፣ ማዕረግ ደጅ የሚቀርበት ቦታ። ሹልትዝ በ1983 ሚላኖ ሄዶ የኤስፕሬሶ ቤቶቹን ሲያይ የማረከው ይኸው ነበር። በዚያን ጊዜ ስታርባክስ የሲያትል የተቆላ ቡና መሸጫ ነበር፤ በ1971 ያቋቋሙት ሦስቱ መሥራቾች መጠጥ ቤት የማድረግ ፍላጎት አልነበራቸውም። ያኔ የኩባንያው ሠራተኛ የነበረው ሹልትዝ ወጥቶ የራሱን ካፌ ከፈተ፤ በ1987 ተመልሶ ስታርባክስን ራሱን ገዛው። «ሦስተኛ ቦታ» የሚለው ቃልም የኩባንያው መፈክር ሆነ።

ግን በተግባር የተሸጠው ኦልደንበርግ ያለው አይደለም። በእነዚህ ካፌዎች ውስጥ እንግዳ ከእንግዳ ሲጨዋወት እምብዛም አይታይም። ያለው ሌላ ነገር ነው፤ በሰው መካከል ሆኖ ብቻን መሆን። ማንም አያውቅህም፣ ማንም አይጠይቅህም፣ አስተናጋጅ መጥቶ «ሌላስ?» አይልህም፣ ሽንት ቤት አለ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት አለ። አንድ ኩባያ ይዞ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው በዘመናዊ ከተማ ውስጥ ሊደረጉ ከሚችሉ ነገሮች ሁሉ ሸመታ የሌለበትን እያደረገ ነው። ሸማችነትን የሚጠላ ሰው ይህን ቦታ ቢወድ ምን ይገርማል? በሸመታ መሐል ከሸመታ የሚያርፍበት ጥግ አግኝቶ ነው። ጥያቄው ለምን የኩባንያ ቤት ውስጥ አገኘው የሚለው ነው። መልሱ ከካፌው ውጭ ነው ያለው፦ ቤተ መጻሕፍት ማታ ይዘጋል፣ የመንገድ አግዳሚ ወንበሮች ሰው እንዳይተኛባቸው ተብለው ይነሳሉ፣ የሕዝብ ሽንት ቤት የለም ወይም አይገባበትም። ከተማው የተወውን ኩባንያው በኩባያ ዋጋ ያቀርበዋል።

የዚህ ወንበር ችግር ውል የሌለው መሆኑ ነው። በኤፕሪል 2018 ፊላደልፊያ ውስጥ ሰው እየጠበቁ ምንም ሳይገዙ የተቀመጡ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን በፖሊስ ታሰሩ። ኩባንያው ከፍተኛ ተቃውሞ ሲገጥመው በወሩ ማንም ሰው ሳይገዛ መቀመጥና ሽንት ቤት መጠቀም ይችላል የሚል ደንብ አወጣ። በጃንዋሪ 2025 ደንቡን ሽሮ ቦታው ለደንበኞች ነው አለ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ሕዝባዊ የሚመስል መብት ተሰጥቶ ተወሰደ፤ ምክር ቤት አልመከረበትም፣ ማንም አልመረጠም። ሁለቱንም ውሳኔ በምክንያት መደገፍ ይቻል ይሆናል። ቁም ነገሩ ውሳኔው የማን እንደሆነ ነው።

በተጨማሪ፣ በንግዱ ዓይን ተቀማጩ መጥፎ ደንበኛ ነው። ከኩባንያው የአሜሪካ ሽያጭ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚመጣው ከመኪና ሳይወርዱ ከሚገዙና በስልክ አዝዘው ይዘው ከሚሄዱ ሰዎች ነው። እነሱ ወንበር አይይዙም፣ ሶኬት አይሰኩም። ኩባንያው ለዓመታት ወንበር እየነቀለ፣ መረከቢያ ብቻ የሆኑ ቅርንጫፎችን እየከፈተ ሄደ። ከዚያ ደንበኛ ሲሸሽ በ2024 የመጣው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ብራያን ኒኮል ወንበሩን፣ የሸክላ ኩባያውንና በኩባያ ላይ በእጅ መጻፉን እመልሳለሁ አለ፤ የመረከቢያ ብቻ ቅርንጫፎቹም እንዲቀሩ ተወሰነ። ይህ ወዲያና ወዲህ ማለት አንድ ነገር ያስረዳል፦ ወንበሩ ለኩባንያው ስሙን የሚሸጥበት ዕቃ ነው፣ ገቢውን የሚያስገባለት ግን ተራው በፍጥነት የሚያልቅ መስኮት ነው። ሁለቱን በአንድ ቤት ውስጥ ማስታረቅ ደግሞ ከባድ ነው። በስልክ የታዘዙ ሃያ ኩባያዎች ባሪስታው ፊት ተሰልፈው ሳለ ባንኮኒው ላይ የቆመው ሰው ተራው አይደርስም፤ የተቀመጠውም ጫጫታው ያስነሳዋል።

ተቃውሞ መቼ ሠራ?

«አልገዛም» ማለት ጥሩ ነው፤ ግን ዝም ብሎ ሲባል የሚሰማው የለም። ኩባንያው አንድ ሰው መቅረቱን ከዝናብ ቀን ሽያጭ ለይቶ አያውቀውም። የሠሩት ተቃውሞዎች የተለየ መልክ ነበራቸው።

የእንግሊዝ ግብር አንዱ ነው። በኦክቶበር 2012 ሮይተርስ እንደዘገበው ስታርባክስ በ1998 ብሪታንያ ከገባ ጀምሮ 3 ቢሊዮን ፓውንድ ሸጦ የከፈለው የትርፍ ግብር 8.6 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ ነበር። አሠራሩ ለማንም ይገባል። የብሪታንያው ኩባንያ ለስሙና ለአሠራሩ ከሽያጩ 6 በመቶ ሮያሊቲ ለእህት ኩባንያ ይከፍላል። ጥሬ ቡናውን ስዊዘርላንድ ካለ ሌላ እህት ኩባንያ 20 በመቶ ተጨምሮበት ይገዛል። ከወላጅ ኩባንያው ለተበደረውም ወለድ ይከፍላል። በመጨረሻ ብሪታንያ ውስጥ የሚቀረው ኪሳራ ነው፤ ኪሳራ ደግሞ ግብር የለበትም። ሕግ ተጣሰ ያለ አልነበረም። ነገር ግን ፓርላማው ሲጠይቅ፣ ጋዜጣው ሲጽፍ፣ ደንበኛውም ሲቆጣ ኩባንያው በሁለት ዓመት ውስጥ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እከፍላለሁ ብሎ ቃል ገባ። ግብር እንደ ምጽዋት በፈቃድ መሰጠቱ ራሱ አስቂኝ ነው። በኔዘርላንድስ በኩል የተገኘውን የግብር ስምምነት የአውሮፓ ኮሚሽን በ2015 ሕገወጥ ድጎማ ቢለውም የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2019 ውሳኔውን ሽሮታል፤ በሕግ ያልተቻለው በደንበኛ ቁጣ በከፊል ተችሎ ነበር ማለት ነው።

ሌላው የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ጉዳይ ነው። መንግሥት በ2005 ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም ከጀርባ አለበት ተባለ፣ ኩባንያው ግን አስተባበለ። የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም በ2006 ኢትዮጵያን ደግፎ ዘመቻ ከፈተ፤ በጁን 2007 ስታርባክስ ስሞቹን ለሚመለከት የፈቃድ ስምምነት ፈረመ።

በሁለቱም ጥያቄው ጠባብ ነበር። «ካፒታሊዝምን ተው» አላሉትም፤ «ይህን ወረቀት ፈርም»፣ «ይህን ያህል ክፈል» አሉት። በአንድ ፊርማ ሊፈጸም የሚችል ነገር ስም ላይ በሚኖር ኩባንያ ላይ ሲጠየቅ ይሠራል። የሠራተኛ ማኅበሩ ጥያቄ ያልሰመረበትም ምክንያት ከዚሁ ይነሳል። በዲሴምበር 2021 በቡፋሎ ከተማ አንድ ቅርንጫፍ በማኅበር መደራጀትን መረጠ፤ ከዚያ ከ500 በላይ ቅርንጫፎች ተከተሉ፤ እስከ 2025 መጨረሻ ግን የመጀመሪያው የጋራ ስምምነት አልተፈረመም። ይህ በፊርማ የሚያልቅ አይደለም፤ በየዓመቱ ወጪን፣ በየቀኑ ደግሞ የሥራ ሰዓት ድልድልን ይነካል። ስለዚህ ኩባንያው በስሙ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ይታገሣል። ደንበኛ ሊያደርግ የሚችለው በማኅበር የተደራጁትን ቅርንጫፎች ለይቶ እዚያ መጠጣት፣ ሥራ ማቆም ሲጠሩ ደግሞ አለመግባት ነው፤ ያኔ መቅረቱ ቀን ስላለው በሽያጭ መዝገቡ ላይ ይታያል።

«ወደ ትንሹ ካፌ ሂድ»

ይህ ምክር ቀላል ይመስላል፤ ባለቤትነቱን ሲያዩት ግን ብዙ ጊዜ የጎመን ድስት ውጣ፣ የገንፎ ድስት ግባ ይሆናል። ብሉ ቦትል የተባለው የካሊፎርኒያ ካፌ የጥራት ወዳዶች መሸሸጊያ ነበር፤ በ2017 አብላጫ ድርሻውን ኔስሌ ገዛው። ስተምፕታውንና ኢንተሊጀንሲያ የተባሉት ካፌዎች በ2015 ፒትስ በተባለ ትልቅ የቡና ኩባንያ ሥር ገቡ፤ ፒትስን ደግሞ ጃብ የተባለው የአውሮፓ ሀብታም ቤተሰብ ድርጅት በ2012 ገዝቶት ነበር። የብሪታንያው የካፌ ሰንሰለት ኮስታ በ2019 የኮካ ኮላ ሆነ። የስታርባክስ የታሸገ ቡና እንኳ ከራሱ ካፌዎች ውጭ የሚሸጠው በኔስሌ በኩል ነው፤ ኔስሌ ለዚህ መብት በ2018 የከፈለው 7.15 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ስታርባክስ ራሱም ትንሽ ለመምሰል ሞክሯል። በ2009 ሲያትል ውስጥ «15ኛው ጎዳና ቡናና ሻይ» የሚል ዓርማ አልባ ካፌ ከፈተ። ሰዉ ወዲያው ነቃበት፤ በ2011 ቤቱ ወደ ስታርባክስነት ተመለሰ።

በእውነት ነጻ የሆነ ካፌም ቢሆን ነጻነቱ ብቻ ጻድቅ አያደርገውም። ስታርባክስ በሳምንት 20 ሰዓት ለሚሠሩ ሠራተኞች ከ1988 ጀምሮ የጤና መድን ይሰጣል፤ ብዙ ትንንሽ ካፌዎች ይህን መስጠት አይችሉም። መጠኑን ሳይሆን ምግባሩን ለማወቅ የሚጠየቁት ነገሮች ሌላ ናቸው። ቡናው መቼ ተቆላ? ቀኑ በከረጢቱ ላይ ካልተጻፈ ጥሩ ምልክት አይደለም። ለጥሬው ቡና ወደብ ላይ በፓውንድ ስንት ተከፈለ? ይህን የሚያትሙ ቡና የሚቆሉ ድርጅቶች አሉ፤ «ከገበሬው በቀጥታ» የሚለው ቃል ብቻውን ግን ቁጥር አይደለም። ሠራተኛው የሚቀጥለው ሳምንት የሥራ ሰዓቱን ዛሬ ያውቃል? ቤቱ የማን ነው? የመጨረሻውን ባሪስታው ሳያቅማማ ከመለሰ ጥሩ ነው።

ጣዕሙን ብቻ የሚወድ ሰው ከዚህ ሁሉ መገላገል ይችላል። ለአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም የተፈጨ ቡና መነሻ ነው። ጠቆር ያለ ቁሌት ቶሎ ስለሚለቅ የሚፈላ ውሃ አይፈልግም፤ ከ88 እስከ 92 ዲግሪ ይበቃዋል። አመድ አመድ ካለ ፍጭቱን ሻካራ ማድረግ፣ ውኃ ውኃ ወይም ጎምዘዝ ካለ ደቀቅ ማድረግ ነው። ወተት ሲሞቅ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ጣፋጭነቱ ጎልቶ ይሰማል፤ ከ70 ካለፈ የተቀቀለ እንቁላል የሚመስል ሽታ ያመጣል። በብዙ ካፌ «በጣም ትኩስ» ተብሎ የሚታዘዘው ላቴ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ኩባያውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የወረቀት ኩባያ ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ በተራ የወረቀት መስመር አይታደስም፤ በ2018 የብሪታንያ ፓርላማ ኮሚቴ በአገሪቱ በዓመት ከሚጣሉት 2.5 ቢሊዮን ኩባያዎች እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለው ከ1 በመቶ በታች ነው ብሏል። መፍትሔው ቤት ያለውን ኩባያ ይዞ መሄድ ነው። ሰዎች ግን በጃንዋሪ 2024 ስታርባክስና ብልቃጥ አምራቹ ስታንሊ በጋራ ላወጡት ሮዝ ብልቃጥ ከመደብር ደጅ አድረዋል፤ ቆሻሻ ይቀንሳል የተባለው ዕቃ የሚሰበሰብ ጌጥ ሆነ። አምስተኛ ኩባያ የገዛ ሰው የወረቀቱን ችግር አልቀነሰም።

ሒሳቡ

እዚህ ላይ ነው እምቢ ማለት የሚያዋጣው። ስታርባክስ ቀድሞ የሚሞላ ካርድ በ2001፣ በስልክ መክፈልን በአሜሪካ ሁሉ በ2011 አስጀመረ። ደንበኞች ሞልተው ገና ያልጠጡበት ገንዘብ በቅርብ ዓመታት የሒሳብ መግለጫዎች ላይ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ይታያል። ይህ ለኩባንያው ወለድ የማይከፈልበት ብድር ነው፤ የሚመልሰውም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በቡና ነው። ከዚህም ውስጥ ማንም መጥቶ አይጠቀምበትም ተብሎ በዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ ገቢ ይዛወራል። ለደንበኛው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ገንዘቡ የሚቀረው በስንፍና ብቻ አይደለም። ካርዱ የሚሞላው በድፍን ቁጥር ነው፣ መጠጡ የሚሸጠው በጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ሁልጊዜ ለሌላ ኩባያ የማይበቃ ትራፊ ይኖራል። ትራፊው እንዳይባክን ሲባል እንደገና ይሞላል። «ራሱ ይሙላ» የሚለው ምርጫ ከበራ ደግሞ ውሳኔው ከነጭራሹ ከሰው እጅ ይወጣል። ለገዛ ደንበኛ የሚሰጠው፣ ሲጠራቀም በነጻ መጠጥ የሚለወጠው ኮከብ የሚባለው ነጥብም ወደዚሁ ይገፋል፦ ለብዙ ዓመታት በነበረው የአሜሪካ ደንብ ቀድሞ ከተሞላ ሒሳብ የሚከፍል በአንድ ዶላር ሁለት ኮከብ፣ በቀጥታ ካርድ የሚከፍል አንድ ኮከብ ያገኝ ነበር። በፌብሩዋሪ 2023 ኩባንያው በ50 ኮከብ ይገኝ የነበረውን የተጣራ ቡና 100፣ በ150 ይገኝ የነበረውን ላቴ 200 አደረገው። የትኛውም ማዕከላዊ ባንክ በአንድ ቀን እንዲህ ያለ የምንዛሪ ቅነሳ ቢያደርግ ሰልፍ ይወጣ ነበር።

ስለዚህ ቦታውን የሚወድ፣ ቁርኝቱን የማይፈልግ ሰው ሥራው ስልኩ ላይ ይጀምራል። መጀመሪያ «ራሱ ይሙላ»ን ማጥፋት፤ ይህ ሳይጠፋ ሒሳቡን ለመጨረስ መሞከር ከንቱ ነው፣ ዝቅ ሲል መልሶ ይሞላልና። ቀጥሎ የማስታወቂያ መልእክትንና የቦታ ፈቃድን መዝጋት፤ «ዛሬ እጥፍ ኮከብ» የሚለው መልእክት የሚመጣው ባልታሰበበት ሰዓት ለመጥራት ነው። ከዚያ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ካርድ ባንኮኒው ላይ መክፈል፣ «እዚሁ ነው የምጠጣው» ማለት፣ የሸክላ ኩባያ መጠየቅ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ መቀመጫ መፈለጉን በሽያጭ መዝገብ ላይ የሚያስመዘግብ ብቸኛው መንገድ ነው፤ በስልክ ታዝዞ ተይዞ ከተቀመጡበት ግን ኩባንያው ይዞ እንደሄደ ደንበኛ ይቆጥረዋል።

የቀረውን ትራፊ በተመለከተ፣ ገንዘብ ተቀባዩን «መጀመሪያ በካርዱ ላይ ያለውን በሙሉ ውሰድ፣ የጎደለውን በጥሬ እሰጣለሁ» ማለት ይቻላል፤ ማሽኑ ሁለት አከፋፈል ይቀበላል፤ ይህን ግን ባንኮኒው ላይ እንጂ በስልኩ ማዘዣ በኩል አለመሞከር ይሻላል። በካሊፎርኒያ ያለ ሰው ይህም አያስፈልገውም፦ የግዛቱ ሕግ በስጦታ ካርድ ላይ ከ15 ዶላር በታች (ከኤፕሪል 2026 በፊት ከ10 ዶላር በታች) የቀረ ገንዘብ ባለቤቱ ሲጠይቅ በጥሬ እንዲመለስለት ያዛል። ሠራተኛው ስለ ሕጉ ካልሰማ ኃላፊውን መጥራት ነው።